በሽታውን የደበቁበትስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ነው። አፍሮ ወይም ፈርቶ ሕመሙን የሸሸገ ሰው ፈውስ ቢያጣ ተጠያቂው ራሱ ነው። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ግን፣ በተለይ የበሽታው ስም ካንሰር ሲሆን፣ ደባቂው ሌላ ነው። ልጆች፣ እህትና ወንድም፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ጭምር ተማክረው ነገሩን ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከባለ ሕመሙ ይሸሽጋሉ። ይህን የሚያደርጉት ከክፋት አይደለም፤ ከፍቅር ነው። ተረቱ ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ምንም አይልም። በሽታውን የደበቁበት ሰውስ መድኃኒት ይገኝለታል?

ጥያቄው የቆየ ነው፤ የተለመደው መልስም የታወቀ ነው። ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? ከማወቁ የሚያተርፈው ጭንቀት ብቻ ከሆነ ዝም ማለት ይሻላል ይባላል። ይህ መልስ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ የሚያክመው ሐኪሙ ስለሆነ የሕመምተኛው ማወቅ በሕክምናው ላይ የሚለውጠው ነገር የለም በሚል። ግምቱ የሚፈርስበትን ቦታ ለማየት ከመንጋጋ አጥንት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው በኦበርን ከተማ ሊደርስ የሚችል አንድ ጉዳይ ይታሰብ። የሲያትል የቤት ኪራይ እየናረ ሲሄድ ወደ ሬንተን፣ ወደ ኬንትና ወደ ኦበርን የወረዱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ በአንዱ ቤት ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው እናት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ተዛምቶ ተገኘባቸው። የታዘዘላቸው የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ከዚያ ሌላ አጥንታቸው እንዳይሰበር በየወሩ መርፌ ይወጋሉ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ አቅርቦ ነበር፤ ልጅየው «እኔ አለሁላት» ብሎ መለሰው። ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ በእሱ አፍ አልፎ እናትየው ጋር ሲደርስ እንዲህ ሆነ፦ «እማዬ፣ እጢ ቢጤ ነው፤ በክኒን ይጠፋል። መርፌው ደግሞ ለአጥንትሽ ማጠንከሪያ ነው።» ሐኪሙ በመጨረሻ ላይ ስለ ጥርስ አንድ ነገር ብሎ ነበር። ትልቁን ነገር ለመደበቅ ሲጨነቅ የነበረው ልጅ ትንሿን ነገር ሳይተረጉማት ቀረ።

እናትየው ለገና አዲስ አበባ ወረዱ። እዚያ ሳሉ ከኋላ ያለ መንጋጋ ጥርሳቸው ያማቸው ጀመር። አሜሪካ ጥርስ ማሳከም ውድ ነው፤ ለጉብኝት የሄደ ሰው ሁሉ የጥርሱን ነገር እዚያው ጨርሶ መመለሱ የተለመደ ነው። እህታቸው ወደምታውቀው ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ደህና ነኝ ልጄ፤ የአጥንት ቫይታሚን ነው እንጂ ሌላ የለም» አሉት። ጥርሱ ተነቀለ። ኦበርን ተመልሰው፣ ሁለት ወር አልፎም፣ ቁስሉ አልዘጋ አለ። በምላሳቸው ሲዳስሱት ሹል ነገር ይሰማቸው ጀመር። የራሳቸው አጥንት ነበር።

ይህ የማንም የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም። ግን እያንዳንዱ እርምጃ የተለመደ ነው፤ በየትኛውም እርምጃ ላይ ክፉ ሰው የለም። ልጁ እናቱን ይወዳል፤ የኦበርኑ ሐኪም ተናግሯል፤ የአዲስ አበባው ሐኪም ጠይቋል፤ እናትየውም የሚያውቁትን መልሰዋል።

አጥንት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የቆመ ነገር አይደለም። በውስጡ ያረጀውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ይሠራሉ። ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ አፍራሾቹን ያነሣሣቸዋል፤ አጥንቱም ይሳሳል፣ ያማል፣ ይሰበራል። ባይስፎስፎኔት የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ከእነሱም መካከል ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ እንዲሁም በሌላ መንገድ የሚሠራው ዴኖሱማብ እነዚህን አፍራሾች ያስቆማሉ። ብዙ ሰው ከስብራትና ከከባድ ሕመም የተረፈው በእነሱ ነው። መንጋጋ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። መንጋጋ ከሌሎች አጥንቶች ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ነው፤ የሚሸፍነው ድድ ስስ ነው፤ ጥርሱ ሰንጥቆት ስለሚወጣም በአፍ ውስጥ ላሉ ጀርሞች ቅርብ ነው። ጥርስ ሲነቀል የተከፈተው ጉድጓድ እንዲድን የተጎዳው አጥንት መጽዳት አለበት። ጽዳቱን የሚሠሩት ሕዋሳት በመድኃኒቱ ታስረው ከሆነ አጥንቱ ሞቶ፣ ከድድ ውጭ ተገልጦ ሊቀር ይችላል። የመንጋጋው አጥንት ከስምንት ሳምንት በላይ ሳይሸፈን ከቆየ፣ ሰውየውም እነዚህን መድኃኒቶች ወስዶ መንጋጋው ጨረር ያልተሰጠው ከሆነ፣ ሐኪሞች በሽታውን በስሙ ይጠሩታል፦ ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ የመንጋጋ አጥንት መሞት።

ጉዳቱን መጀመሪያ ለሕክምናው ዓለም ያሳወቀው የማያሚው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በ36 ሕመምተኞች ላይ ያየውን አሳተመ። በሽታው ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን ከሚወጉት ከ100 ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ5 ባነሱት ላይ ነው የሚታየው። ለአጥንት መሳሳት ክኒኑን ከሚወስዱት ደግሞ ከ1000 አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ ማቆሙ ከመንጋጋው ጉዳት የባሰ ሊያመጣ ይችላል። ግን የደረሰበት ሰው መብላትም፣ መናገርም፣ እንቅልፍም ይቸገራል። መድኃኒቱ ካንዴም በላይ ዕድሜ አለው፤ ባይስፎስፎኔት አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቆያል።

የመንጋጋ መሞትና ዝምታ ከዚህ በፊትም ተገናኝተው ያውቃሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የክብሪት ፋብሪካዎች በነጭ ፎስፎረስ ጭስ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶችና ልጆች መንጋጋቸው እየበሰበሰ ይወድቅ ነበር። የዛሬዎቹ ሐኪሞች አዲሱን ጉዳት ከዚያ ጋር እያመሳሰሉ ያዩታል። በለንደን የብራያንት ኤንድ ሜይ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች በ1888 ሥራ አቁመው ታሪክ ሠሩ። ያው ፋብሪካ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ በሠራተኞቹ ላይ የደረሰውን የመንጋጋ በሽታ ሳያሳውቅ በመቅረቱ በፍርድ ቤት ተቀጣ። በ1906 በበርን የተፈረመው ስምምነት ነጭ ፎስፎረስን ከክብሪት አስወጣ። የፋብሪካው ዝምታ ከጥቅም የመነጨ ነበር፤ የኦበርኑ ልጅ ዝምታ ከፍቅር ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል። መንጋጋው ግን የዝምታውን ምክንያት አይለይም።

አሁን ተመራማሪዎች ይህን ጉዳት ከመድረሱ በፊት ለመከላከል ከሚሞክሩባቸው መንገዶች አንዱ ስቴም ሴል ነው። ስቴም ሴል ማለት ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሕዋስ ነው። ለዚህ ነገር ሲያትል እንግዳ አይደለችም። የመቅኔ ንቅለ ተከላን ለዓለም ያበቃው ዶናል ቶማስ የሠራው በዚያው ነው፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። እሱ የተጠቀመባቸው ደም የሚሠሩትን ሕዋሳት ነበር። ለመንጋጋ የሚፈለጉት ግን ከመቅኔ፣ ከስብ፣ ከድድና ከጥርስ ውስጥ የሚገኙ፣ አጥንት መሥራት የሚችሉ ሌሎች ናቸው። ማርክስ ስለ መንጋጋው ባሳተመበት በዚያው በ2003 ሌሎች ተመራማሪዎች በወለቀ የወተት ጥርስ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እንዳሉ አሳዩ። በሀገር ቤት ልጆች ወደ ጣራ የሚወረውሩት ጥርስ መሆኑ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ጥርስ መነቀሉ የማይቀር ከሆነ ሕዋሳቱ በዚያው ሰዓት ወይም አስቀድመው ቢሰጡት ቁስሉ እንዲዘጋ ይረዱ ይሆን? በአይጥና በአሳማ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይተዋል። ሕዋሳቱ አጥንት ከመሆናቸው ይልቅ የሚጠቅሙት በሚልኩት መልእክት ይመስላል፤ የተቆጣውን የሰውነት መከላከያ ያበርዳሉ፣ የደም ሥር ወደ ቁስሉ እንዲያድግ ይጠራሉ። በሰው ላይ የተሞከረው ግን በጥቂት ሕመምተኞች ብቻ ነው፤ ለዚህ ጉዳት የተፈቀደ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። በአሜሪካ ያልተፈቀደ ስቴም ሴል ለሁሉም በሽታ ነው እያሉ የሚሸጡ ክሊኒኮችን የሀገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ከባድ ጥያቄም አለ። ዕድገትን የሚያነሣሣ ሕዋስ ካንሰር ላለበት ሰው መስጠት ካንሰሩንም ያነሣሣው ይሆን? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን እየመዘኑ ነው የሚሄዱት።

እንግዲህ ሳይንሱ ተሳክቶለት ሕክምናው ነገ ጠዋት ደረሰ ይባል። ኦበርን ላሉት እናት ይደርሳቸዋል? አይደርሳቸውም። ሕዋሳቱን ለመስጠት መጀመሪያ ጥርሳቸውን ከመንቀላቸው በፊት «ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት አለባቸው። ከመቅኔያቸው ለመቅዳት መርፌው ወዴት እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚገባ ሰምተው መፍቀድ አለባቸው። ካንሰሩ ሊነሣሣ ይችላል ወይ የሚለውን አደጋ ለመመዘንም ካንሰር እንዳለባቸው ማወቅ አለባቸው። ለሕመምተኛው ያልተነገረውን አደጋ ሕመምተኛው ሊቀበል አይችልም፤ የፈረመው ወረቀት ቢኖር እንኳ ፊርማው የልጁ ፈቃድ ነው እንጂ የእሱ አይደለም።

ፈውስና መከላከል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ይታከማል፤ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ሥራውን ይሠራል። መከላከል ግን የሚጀምረው ምንም ቁስል በሌለበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ከአደጋው የሚታይ ነገር የለም፤ ያለው ዕውቀት ብቻ ነው። ዕውቀቱ ደግሞ ሰውየው በሄደበት ሁሉ፣ ልጁ በሌለበት፣ ሆስፒታሉ በሌለበት፣ አዲስ አበባ ባለ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ጭምር አብሮት መሆን አለበት። ያን ዕውቀት ሁልጊዜ ይዞ ሊዞር የሚችል ከሰውየው ሌላ ማንም የለም።

ዝምታን የሚመርጡ ሰዎች ግን መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሊናቅ አይገባም። ሰው በተስፋ ይኖራል ይላሉ። «ካንሰር» የሚለው ቃል በአንዳንዱ ጆሮ በሽታ ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ሰምቶ ምግብ የተወ፣ ከአልጋ ሳይነሣ የቀረ ሰው ሁሉም ያውቃል። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የውብዳር በየነ በ1992 ዌስተርን ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በቀጥታ ለሕመምተኛው መነገሩን እንደማይቀበሉት፣ አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲነገር እንደሚሹ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተው ነበር። ነገሩም የሀበሻ ብቻ አይደለም። በ1961 በቺካጎ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶው ካንሰርን ለሕመምተኛው አለመንገር ይመርጡ ነበር። በ1979 በተደረገ ሌላ ጥናት 97 በመቶው መንገርን መረጡ። በሃያ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሐኪም በባሕርዩ ሌላ ሰው አልሆነም። ሕክምናው ተለወጠ፤ ከሕመምተኛው ጋር የሚመከርበት ነገር በዛ፤ የሕመምተኛ መብት የሚባለውም ነገር ጎላ። ዝምታው የነበረው ምክር ምንም በማይለውጥበት ዘመን ነው።

መካከለኛ መንገድስ የለም? አለ። ልጅየው የበሽታውን ስም ሳያነሣ «እማዬ፣ ይህ የአጥንት መርፌ ጥርስ ከተነቀለ ጉዳት ያመጣል፤ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ጥርስሽን ማንም እንዳይነካ» ሊል ይችል ነበር። እውነት ነው፤ ጠቃሚም ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝምታ ምንም ምክንያት ሊቀርብለት አይችልም። ግን ግማሹ እውነት የሚያደርሰው እስከ ጥርስ ሐኪሙ በር ድረስ ብቻ ነው። ያ ሐኪም መጠየቁ አይቀርም፤ መርፌው ምንድን ነው? በስንት ጊዜ ነው? ዞሌድሮኒክ አሲድ ለአጥንት መሳሳት በዓመት አንዴ፣ ለካንሰር ግን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይሰጣል። ዴኖሱማብም ለአጥንት መሳሳት 60 ሚሊግራም በየስድስት ወሩ፣ ለካንሰር 120 ሚሊግራም በየአራት ሳምንቱ ነው። አደጋው እንደ መጠኑ ይለያያል፤ የሐኪሙም ውሳኔ እንዲሁ። ግማሹን ይዞ የሄደ ሰው ግማሽ ጥበቃ ነው የሚያገኘው።

ደግሞስ የኢትዮጵያውያን ባህል የመደበቅ ባህል ነው ያለው ማን ነው? መርዶን ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በመንገድ ላይ ወይም በሌሊት አይነገርም። ወዳጆች ይጠራራሉ፤ ማን እንደሚናገር ይመክራሉ፤ የሚያጽናና፣ ውኃ የሚያቀርብ፣ የሚይዝ ሰው መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ማለዳ ተያይዘው ይሄዳሉ። በሲያትልና በኦበርንም ሰዎች ከሥራ ቀርተው ይህን ያደርጋሉ። የመርዶ ሥርዓት ዜናውን አያስቀርም። የሚያዘገየውም ዜናውን የሚሸከም ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ብቻ ነው። ስለ ሞት እንዲህ መናገር የሚችል ሕዝብ፣ ገና ሊታከም ስለሚችል በሽታ ለባለቤቱ መንገሪያ ሥርዓት አጣ ማለት ያስቸግራል። የአሜሪካው ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚስተው ይህን ነው፤ ሕመምተኛውን ብቻውን አስቀምጦ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ይናገራል። ቤተሰቡ ደግሞ የሐኪሙን መንገድ ሲጠላ መንገሩን ራሱን ይጠላል። መነጋገር ያለበት ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ ማን አብሮ ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። ሰውየውም ራሱ መጠየቅ አለበት፤ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማን እንድንነግር ይፈልጋሉ?» ይባል። «ለልጄ ንገሩ፤ እሱ ይወስን» ካሉ ውሳኔው የእሳቸው ሆነ። ያልተጠየቁ ከሆነ ግን ውሳኔው ተወሰደባቸው።

ሸክሙን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ መጣልም ፍትሕ አይደለም። ልጅየው በአንድ ጊዜ ልጅም አስተርጓሚም መሆን አይችልም፤ አንደኛው እንዲያዝን፣ ሌላኛው ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያስተላልፍ ነው የሚጠበቅበት። የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችን ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው ለዚህም ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር እነዚህን የአጥንት መድኃኒቶች ለካንሰር በከፍተኛ መጠን ከመጀመር በፊት የሚደረገውን የጥርስ ምርመራና የአፍ ኢንፌክሽን ሕክምና እንዲሸፍን ተደርጓል። ይህ ከማንኛውም ስቴም ሴል በፊት ያለ፣ ዛሬ በእጅ ላይ የሚገኝ መከላከያ ነው። መነቀል ያለበት ጥርስ መርፌው ሳይጀመር ይነቀላል፤ ቁስሉ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ አፍን መጠበቅ ነው። ሆኖም ይህን ቀጠሮ የሚጠይቅ፣ ለምን እንደሚያስፈልግም የሚያውቅ ሕመምተኛ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ያለው የጥርስ ሐኪምም ከውጭ ለመጣ ሰው «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ከሚል ጥያቄ አልፎ «ለአጥንት የሚወጉት ወይም የሚውጡት ነገር አለ?» ቢል ብዙ ሊያድን ይችላል።

ይህ ሁሉ ስቴም ሴሉን ማጣጣል አይደለም። ጥርሳቸው መነቀሉ የማይቀር፣ መርፌውንም ማቆም የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ያ ምርምር የሚያስፈልግ ነው፤ ሲደርስም የኦበርኗ እናት ከሌላው እኩል ሊደርሳቸው ይገባል። ለዚህ ግን ያን ቀን ሐኪሙ ፊት የሚቀመጡት የራሳቸውን ሕመም የሚያውቁ ሴት መሆን አለባቸው። እንዲያውቁ የሚያደርጓቸው ደግሞ ልጃቸው፣ እህታቸውና የሚወዷቸው ወዳጆች ናቸው፤ አንድ ማለዳ ተጠራርተው፣ ቡና አፍልተው፣ አጠገባቸው ተቀምጠው።